የግቢያችን ፓውዛ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቡራዩንና ገፈርሳን አልፎ መናገሻ የደረሰ ሰው፣ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ቢመልስ ከተማዋን ሳያያት ያለችበትን ያውቃል። ከኮረብታው ጀርባ ሰማዩ ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ ቀለም ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። ደመና ካለ ደግሞ ይብሳል፤ ደመናው ከታች የተላከለትን ብርሃን መልሶ ይረጨዋል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሆለታ በኩል ያለው ሰማይ ግን ገና የድሮው ሰማይ ነው። በደቡብ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ወጨጫ አለ። በተዳፋቱ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። በዚያ በኩል ሲመሽ ጥቁር ነው። ሰፈራችን በእነዚህ ሁለት ሰማዮች ድንበር ላይ ነው፤ ድንበሩም በየዓመቱ ወደ እኛ ይገፋል።

ቤቱን የተረከብነው ከነፓውዛው ነው። አንዱ ከውጪ በሩ በላይ፣ ሌላው ከጣሪያው ጫፍ ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱም ባለ 50 ዋት፣ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ፊታቸውን ቀና አድርገው አሻግረው የሚያዩ ነበሩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይበሩ ነበር። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ 100 ዋት ለ12 ሰዓት ሲበራ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 36 ይሆናል። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው እየከበደ የሚሄድ ነውና ለጓሮና ለአጥር ብቻ ይህን ያህል መክፈል ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ነገሩን ያስነሳው ቆጣሪው አልነበረም። ያስነሳው ዶሮ ነው።

ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን እርሻ ያላቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ሁለተኛውን ሲቀዱ፣ «ልጄ፣ ይሄን አውራ ዶሮ ላሳርደው ነው» አሉኝ። ምነው ስላቸው፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መጮህ እንደጀመረ፣ ያለ ሰዓቱ የሚጮህ ዶሮ ደግሞ በቤት ውስጥ መልካም ገድ እንደማይሆን ነገሩኝ። ዶሮው ያማረ ቀይ አውራ ነው፤ ልጃቸው ለፋሲካ ከገዛቸው ጫጩቶች የተረፈ። የሚያድርበትን አሳዩኝ። ግድግዳው ቁም እንጨት ነው፣ ጭቃው በአንድ በኩል ረግፏል፣ በክፍተቱም ፊት ለፊት የሚታየው የእኛ የጣሪያ ፓውዛ ነው። ሲመሽ ተመልሼ ሄጄ አየሁት። ቆጡ ላይ ያለው ብርሃን ጋዜጣ ያስነብባል።

የዚያኑ ምሽት የጣሪያውን አጠፋሁት። ጥቂት ሌሊቶች እንዳለፉ እማማ በአጥሩ በኩል ጠርተውኝ ዶሮው ወደ ሰዓቱ መመለሱን ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች አውራ ዶሮ የሚጮኸው በውስጡ ባለው ሰዓት እየተመራ እንደሆነ አሳይተዋል። በድንግዝግዝ ውስጥ ቢዘጋበትም ንጋቱን ቀድሞ ያውቃል። ግን ብርሃንና የሌላ ዶሮ ጩኸትም እንዲጮህ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። እማማ ይህን ስነግራቸው አልተደነቁም። «መች እሱ ጠፋን፤ መብራቱ የናንተ ስለሆነ ነው ዝም ያልነው» አሉ። ይህ ቃል ከዶሮው ይልቅ ቆየብኝ። ስንት ጎረቤት ነው በይሉኝታ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ የሚያድረው?

ሱሉልታ ያለው የአክስቴ ልጅ ሯጭ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ወደ ሜዳው ይወርዳል፣ ስለዚህ ከሁለት ሰዓት በፊት መተኛት አለበት። ከተከራየበት ክፍል ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ መብራት አልጋው ላይ ስለሚወድቅ መስኮቱን በካርቶን ደፍኖታል። እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን በጨለማ የሚመነጭ እንደሆነ፣ በተለይ ሰማያዊ የበዛበት ነጭ ብርሃን እንደሚገታው አሠልጣኙ ነግሮታል። ያ ልጅ እንቅልፉ እንጀራው ነው።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ በቀላሉ አላለፈም። ፓውዛውን አጠፋለሁ ስል ባለቤቴ «ሌባውስ?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰፈራችን ገና ያልታጠሩ ቦታዎች ያሉበት፣ ግማሽ ሕንፃዎች የቆሙበት ነው። ዘበኛችንን አማከርኳቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውንና የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ብዙ ሌሊት ያደሩ ሽማግሌ ናቸው። «እትዬ፣ እኔ እዚህ መብራት ሥር ተቀምጬ ለሌባው እታየዋለሁ፣ እሱ ግን ለእኔ አይታየኝም» አሉ። በበሩ ላይ ያለው ፓውዛ ዓይናቸው ላይ ስለሚያርፍ ከብርሃኑ ክብ ውጪ ያለው ሁሉ ለሳቸው ግድግዳ ነበር። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ ጊዜ በኃይለኛ ነጭ ብርሃን ከተመታ ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ በዓይን ውስጥ የሚበተነው ብርሃን ስለሚጨምር ይብሳል። የዚህን ዋጋ አጎቴ በእግሩ ከፍሎታል። ለማርያም ዝክር መጥቶ ሲወጣ፣ ከበሩ ፓውዛ ሥር አልፎ ሁለት እርምጃ እንደተራመደ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ገባ። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ከርሟል። ሁለት እርምጃ ላይ የሚንቦገቦግ መብራት እያለ ሰው እግሩ ሥር ያለውን ጉድጓድ ማየት ካቃተው፣ ያ መብራት ለምን ተሰቀለ?

ከዚህ በኋላ ነው የሚስማማ መብራት ፍለጋው የተጀመረው። የምፈልገውን አውቄ ነበር የወጣሁት። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ቱሳን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተ አንድ ማኅበር አለ፤ ዛሬ ዳርክስካይ ኢንተርናሽናል ይባላል። ስለ ውጪ መብራት የሚመክረው አስቸጋሪ አይደለም። መብራቱ የሚፈለግበት ምክንያት ይኑር፣ ወደሚፈለገው ቦታ ብቻ ይዙር፣ ከሚበቃው በላይ አይድመቅ፣ ሲያስፈልግ ብቻ ይብራ፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ያድላ። እኔ ከአምስቱ ሁሉ የማስቀድመው ሁለተኛውን ነው። አንድ ችግኝ ለማጠጣት መስኖውን ሁሉ የሚለቅ ገበሬ የለም፤ ለአንድ ደጃፍ ብለን ግን ብርሃኑን በወጨጫ ላይ እንለቀዋለን።

መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ገባሁ። የመደርደሪያው ካርቶን ሁሉ 6500 ኬ የሚል ነው። ኬ ማለት ኬልቪን ነው፣ የብርሃን ቀለም የሚለካበት። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ብርሃኑ ይሞቃል፣ ከፍ ሲል ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የሻማ ብርሃን 1900 አካባቢ፣ የድሮው ክር ያለው አምፖል 2700 ነው፤ 6500 የቀትር ሰማይ ነው። እኔ የፈለግኩት ከ3000 የማይበልጥ ነበር።

«ቢጫ ማን ይገዛዋል እህቴ? ሰው ነጩን ነው የሚወደው፣ ነጭ ያበራል» አለኝ ልጁ።

ስንት ሉመን እንደሆነ ጠየቅኩት። ስለ ሉመን አልመለሰልኝም፣ ዋቱን ነገረኝ። በሁሉም ሱቅ እንዲሁ ነው፤ ሰው ዋት ይጠይቃል፣ ነጋዴው ዋት ይመልሳል። ዋት ግን አምፖሉ የሚበላው ነው፣ የሚሰጠው ብርሃን በሉመን ነው የሚለካው። ባለ 9 ዋት ጥሩ ኤል ኢ ዲ አምፖል 800 ሉመን ያህል ይሰጣል፣ ይህም የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ለሳሎን ይሰጥ የነበረውን ያህል ነው። ለአንድ የግቢ በር ከበቂ በላይ ነው። በአንድ ሱቅ ጓዳ ውስጥ አቧራ የለበሱ ባለ 3000 ኬ አምፖሎች ተገኙ። ልጁ «ለካ እነዚህም ገበያ አላቸው» ብሎ ቅናሽ አደረገልኝ።

ስለ ቀለሙ የምሟገተው ለዓይን ስለሚመች ብቻ አይደለም። ሰማያዊ ብርሃን ከቀዩ ይልቅ በአየር ውስጥ በብዛት ይበተናል። ቀን ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ሌሊት ደግሞ ነጩ ፓውዛ የረጨው ሰማያዊ ከከተማ በላይ ጉልላት ሆኖ ይቆማል። በሱሉልታና በአዲስ አበባ መካከል፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ዓመታት ደክሞ፣ ቴሌስኮፖቹ ያሉበት ማዕከል በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ። ቦታው ሲመረጥ ከፍታውና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅርብ መሆኑ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በደቡብ አዲስ አበባ፣ በሰሜን ሱሉልታ በየዓመቱ እየደመቁ ነው። ለትልቅ ቴሌስኮፕ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የታሰቡት ያለ ምክንያት አይደለም። የአገራችን ልጆች በገዛ አገራቸው ኮከብ የሚቆጥሩበትን የመጀመሪያውን ቤት፣ እኛ ከታች በአጥር መብራት እያደበዘዝነው እንዳይሆን እፈራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የዓለም የሌሊት ሰማይ ካርታ ከዓለም ሕዝብ አንድ ሦስተኛው ፍኖተ ሐሊብን ከቤቱ ማየት እንደማይችል ይናገራል። በሰሜን አሜሪካ ቁጥሩ ወደ 80 በመቶ ይደርሳል። እዚያ ያሉ ሰዎች ኮከብ ለማየት መኪና ነድተው ሌሊት በረሃ ይሄዳሉ። እኛ እስካሁን የምንሄደው እስከ ጓሮ ነው። በሚያዝያ አንድ ምሽት ሰፈሩ መብራት ጠፋና ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። ከወጨጫ በላይ የደቡብ መስቀል ቆሟል፣ በሰሜን የድብ ኮከቦች አሉ። በምድር ወገብ አቅራቢያ፣ በ9ኛው ዲግሪ ላይ ስላለን ሁለቱንም በአንድ ምሽት እናያቸዋለን፤ የአውሮፓ ልጅ የደቡብ መስቀልን አያይም። የሰሜን ኮከብ ግን ለእኛ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በሰሜን በኩል የሚተከል አንድ ረጅም ፓውዛ ሊሰውረው ይበቃል። ልጄ «ይሄ ሁሉ ሁልጊዜ አለ?» አለችኝ። ሁልጊዜ አለ አልኳት። መብራቱ ሲመጣ ከየቤቱ እልልታ ተሰማ፣ እኔም ደስ አለኝ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሥጋ ነበር። መብራቱንና ኮከቡን ማጣጣም እንደሚቻል ግን የዚያን ዕለት ይበልጥ አመንኩ።

አምፖሉ ተገኘ፣ የቀረው ብርሃኑን ወደ ታች የሚመልስ ኮፍያ ነው። ከላይም ከጎንም የተከደነ፣ አምፖሉ ከጠርዙ ገባ ብሎ የሚቀመጥበት፣ ሱቅ ውስጥ አላገኘሁም። ያለው ሁሉ ክብ መስታወት ወይም አበባ የሚመስል ጌጥ ነው፤ ግማሽ ብርሃኑን ወደ ላይ ይልካል። ቡራዩ አምቦ መንገድ ዳር ወዳሉት ብየዳ ቤቶች ሄድኩ። በወረቀት ሥዬ አሳየሁት። ወጣቱ በያጅ አየው፣ አገላበጠው፣ «ገባኝ፣ መንገዱ ይታይ፣ አምፖሉ አይታይ» አለ። ከዚህ የተሻለ ያስረዳ ባለሙያ አልገጠመኝም። ከላሜራ ሠራልኝ፣ ውስጡን ነጭ፣ ውጪውን ቡናማ ቀባው።

የመጀመሪያው ኮፍያ ከተሰቀለ ብዙም ሳይቆይ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር፣ ከዚያ ጠፋ። ሌላ ተተካ፣ እሱም ጠፋ። የጠራሁት ኤሌክትሪሺያን ሲነካው ኮፍያው ይፋጃል። ኤል ኢ ዲ ብርሃኑን ወደ ፊት ሲልክ ሙቀቱን በጀርባው፣ በአምፖሉ አንገት በኩል ያስወጣል፤ እዚያ ደግሞ ያለው ሰርኪዩት ሙቀት አይወድም። ከላይ ግጥም ተደርጎ የተዘጋ ላሜራ ውስጥ መውጫ አጣ። በያጁ መልሶ ወሰደውና ከጠርዙ በታች የተደበቁ ቀዳዳዎች አወጣለት፣ ዝናብ እንዳይገባ ከላያቸው ክዳን ሠራ። አሁን ክረምቱን ሁለት ጊዜ የተሻገረ ነው። ለቤቱ በር ግን ኮፍያም አላስፈለገም፤ አምፖሉን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ማስገባት በቂ ሆነ፣ ክፈፉ ራሱ ይሸፍነዋል። ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ገና ሽቦ ሲዘረጋ ቢያስብበት ብዙ ወጪ ይቀርለታል።

መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ እንዳይበራ የገጠምነው ሴንሰር ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። የሚንቀሳቀስ ሙቀት ሲያይ የሚያበራ ዓይነት ነው፣ ከሥሩ ሦስት ትንንሽ መዘውሮች አሉት። አንዱ ምን ያህል ሲጨልም ሥራ እንደሚጀምር፣ ሌላው ለስንት ጊዜ እንደሚበራ፣ ሦስተኛው ምን ያህል ርቀት እንደሚያይ ይወስናሉ። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ሳያቋርጥ ይበራል ይጠፋል። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለው የባሕር ዛፍ ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ እንደ ሰው እያየው ነው። የጎረቤት ውሻም፣ ድመትም ያበራዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ዓይኑን ወደ መሬት አዘንብሎ ርቀቱን ሲቀንስለት ረጋ። ከዚያ አንድ ሌሊት ሲበራ ዘበኛችን ብድግ ብለው አዩ፤ ጅብ ነበር፣ ከደኑ በኩል የሚመጣው፣ የቆሻሻ መጣያውን ሊያስስ። «ድሮ ሁልጊዜ ብርሃን ስለሆነ ማን እንዳለፈ አላውቅም ነበር። አሁን መብራቱ ራሱ ይነግረኛል» አሉኝ። ባለቤቴን ያሳመነው የእኔ ክርክር ሳይሆን ይህ ነው።

ሌላም ነገር ተለወጠ። ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ አሸን ሲፈላ፣ ድሮ የበራችን ደፍ በክንፍ ይሸፈን ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ፓውዛውን እየዞሩ ደክመው ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አስረድቷል። ነፍሳት በሌሊት ሲበሩ ጀርባቸውን ወደ ደመቀው ወገን ይሰጣሉ፤ ከጥንት ጀምሮ የደመቀው ሰማዩ ነበርና በዚህ ነው ሚዛናቸውን የሚጠብቁት። መብራት አጠገብ ሲደርሱ ጀርባቸውን ለሱ ይሰጡና መውጫ ያጣሉ። ስለዚህ የሚስባቸው ፍቅር አይደለም፣ ወጥመድ ነው። የእማማ ማሳም ከዚህ ወገን ነው። ጤፍ ሌሊቱ ሲረዝም የሚያብብ አጭር ቀን የሚባል ተክል ነው፤ በአጥሩ ጥግ፣ ፓውዛችን ሌሊቱን የሚያሳጥርበት፣ ከመሐሉ ዘግይቶ ሲያፈራ ሁልጊዜ ጥላውን ይከሱ ነበር።

አሁን ጉዳዩ ከግቢያችን ወጥቷል። ዕድራችን ገንዘብ አዋጥቶ በሰፈሩ መንገድ ላይ መብራት ሊያስተክል ነው። በስብሰባው ላይ አንድ አባት ተነስተው በየምሰሶው ባለ 100 ዋት ፓውዛ ይሁን አሉ፤ ለማኅሌት በሌሊት ወደ መናገሻ ማርያም የሚወጡ እናቶች አሉ፣ ጨለማ ውስጥ ሊሄዱ አይገባም አሉ። ልክ ናቸው፣ እኔም የተነሳሁት እኒያን እናቶች ብዬ ነው። አጎቴ የወደቀበትን ቦይ ነገርኳቸው፤ አብዛኞቹ ያውቁታል፣ ሌሎችም ወድቀውበታል። መብራቱ የሚያስፈልገው መንገዱ በሚታጠፍበት፣ ቦዩን በምንሻገርበትና በወፍጮ ቤቱ ጥግ ነው፤ እዚያም ወደ መሬት የዞረ፣ ኮፍያ ያለው፣ ቢጫ ይሁን አልኩ። ከኋላ አንድ ወጣት በቢጫ መብራት የሰው ፊት አይለይም አለ። ዘበኛችን በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበርና ሳይጠየቁ «ይለያል፣ እኔ እለያለሁ» አሉ።

ኮፍያው ተቀባይነት አግኝቷል፤ ቡራዩ ያለው በያጅ የጅምላ ዋጋ እንዲሰጥ ተጠይቋል። ቀለሙም ቢጫ እንዲሆን ተስማምተናል። ያልተስማማነው በዋቱ ነው። ገንዘብ ያዡ ከ30 በታች መንገድ አያሳይም ይላሉ፣ እኔ ባለ 9 ዋቱ ከሦስት ሜትር ምሰሶ ላይ ወደ ታች ከተመለሰ ይበቃል እላለሁ። ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በቦዩ መሻገሪያ ሁለቱንም በየተራ ሰቅለን ልናያቸው ተቀጣጥረናል። እማማም እመጣለሁ ብለዋል፣ አጎቴም በምርኩዙ ይመጣል። መሰላሉን በያጁ ያመጣል፣ አምፖሉን እኔ።